ቁልፉ ማን ጋ ነው? ከድሬ እስከ ጁገል

ሐሙስ፣ ድሬዳዋ

አዲሱ ባቡር መሀል ድሬ አያስገባም። ከፉሪ ለቡ በጠዋት ተነስቶ ቀኑን በረሃ ሲያቋርጥ ይውልና ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መልካ ጀብዱ በኩል ያወርድሃል። ከዚያ በኋላ ያለው የባጃጅ ሒሳብ ነው። ሾፌሩ ሻንጣዬን ከኋላ ወርወር አድርጎ «አቦ ግባ፣ ሙቀቱ ሳይጨርስህ» አለኝ። ድሬ አንቱታ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ይከፋዋል። ሾፌሩም፣ ሻይ አፍዪዋም፣ ሽማግሌውም አንተ ነው የሚሉህ። እኔ ይመቸኛል።

የመጣሁት ግማሹን ለሥራ ነው። የመድረክ መብራት ባለሙያ ነኝ። እዚህ ያሉ የቴአትር ልጆች፣ አብዛኞቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው፣ አንድ ተውኔት ሲለማመዱ ከርመው ማሳያ ቦታ አጡ። የቀበሌ አዳራሽ ተፈቅዶላቸው ነበር። ግን እዚያ ሁለት ሰው ሲነጋገር አራት ሰው የተጣላ ነው የሚመስለው። «አሮጌዎቹን ቤቶች ዞረህ እይና የትኛው እንደሚያዋጣ ንገረን» አሉኝ። መንገዴን ሐረርም ወጣ ብዬ፣ እዚያ አሮጌ ቤቶቻቸውን ምን እንዳደረጓቸው ማየት ፈለግሁ።

የድሬን አሮጌ ሰፈር ከዚራን በቀን ማየት ትርፉ ላብ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ወይ ይተኛል ወይ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ሱቁ ግማሽ በሩን መለስ ያደርጋል። ድሬ የምትነሳው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የፈረንሳይ መሐንዲሶች ቀጥ አድርገው ባሰመሯቸው ጎዳናዎች ላይ ወንበር ይወጣል፣ ጀበና ይወጣል፣ ሽርጥ የታጠቀ አባወራ ይወጣል። ሴቶቹ በዲሪያ ዘና ብለው ይሄዳሉ። ሕፃናቱ ከዛፎቹ ሥር በብስክሌት ይሽቀዳደማሉ።

ይህን ሳይ የሙያ ቅናት ያዘኝ። አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ተመልካች የሚያጣው አንዱ ምክንያት ታክሲ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሰልፍ ሳይረዝም ቤቱ ለመግባት ይሮጣል። ድሬ ግን ሰው እራቱን በልቶ፣ ታጥቦ፣ አጊጦ ከቤቱ ወጥቷል። መሄጃ ነው ያጣው። ተመልካቹ በራፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ለገሃር አካባቢ ሻይ ስጠጣ ከአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋር ተጨዋወትን። አማርኛው መሀል ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋል፤ የዚያ ዘመን ሠራተኛ ልማዱ ነው። ስለ ሲኒማ ቤቶቹ ጠየቅሁት።

«የህንድ ፊልም የመጣ ቀን» አለኝ «ከመጋላ ሰፈር ሰው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል። ሦስተኛ ማዕረግ ከፊት ነው፤ አንገትህ እስኪጣመም አንጋጠህ ታያለህ። ከፊልሙ በላይ ግን መውጫው ነበር። ሳምቡሳ ሻጩ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጁስ ቤቱ፣ ሁሉም ፊልሙ የሚያልቅበትን ሰዓት በቃሉ ያውቃል።»

«ሲዘጋስ ጋሼ?»

«ሲዘጋማ ሳምቡሳውም ቀረ።»

የከተማ መሀል ስለማነቃቃት የሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ዓርብ፣ ድሬዳዋ

ጠዋት ፈቲራ በማር። ድሬ መጥቶ ፈቲራ ሳይበላ የተመለሰ ሰው መጣሁ ባይል ይሻላል።

ከሁለት ልጆች ጋር ዙረት ጀመርን። መጀመሪያ የሄድነው ድሮ ሲኒማ ወደነበረ፣ አሁን መጋዘን ወደሆነ ቤት ነው። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ግን ቁልፍ የለውም። ቁልፉ አለቃው ጋ ነው። አለቃው ደግሞ ንብረት ክፍል ጋ ነው ይላል። ንብረት ክፍል ደብዳቤ ይፈልጋል። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ሰውዬው ራሱ ማወቅ የፈለገ መሰለ። እንዲህ ስንንከራተት ግማሽ ቀን አለቀ።

በሁለቱ የበር ሳንቃዎች መሀል በነበረች ክፍተት አጮልቄ አየሁ። ጆንያ ተደርድሯል። ወለሉ ግን ከበሩ ጀምሮ ወደ ፊት ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ሳይጋርደው እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ነው። ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ የፊልም ማሳያው ብርሃን የሚወጣባት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች። ጆንያ ለመደርደር አዘቅዛቂ ወለል ምን ይሠራል? ቤቱ አልፈረሰም፣ ጣሪያውም ደህና ነው። ቤት ሲፈርስ ቢያንስ ወሬ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይለቀስለታል። ተቆልፎ ለተቀመጠ ግን ማንም ድንኳን አይጥልም።

ከሰዓት ወደ ምድር ባቡር። ድሬን የፈጠራት ይሄ ግቢ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲነሳ ዓላማው ሐረር መግባት ነበር። ተራራው አልሆን አለ፤ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ብለዋት ነበር። ኩባንያው በመሀል ከሰረ፣ በሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱም ተጎትቶ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር። በዚህ መስመር ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የድሮው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። የጣቢያው ፊት ግን በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበትን ስሙን እንደያዘ ቆሟል።

ወርክሾፑን አንድ የቆየ ሠራተኛ አስጎበኘን። እዚህ ነው የዋልኩት። ሰው ቁመት የሚያህሉ የብረት መቁረጫ ማሽኖች፣ ዘይት የጠገበ ወለል፣ አሮጌ ፉርጎዎች፣ ሊቶሪና የሚባሉት፣ ቀለማቸው የለቀቀ ባለሞተር የመንገደኛ ፉርጎዎች። ሠራተኛው አንዱን ማሽን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ «ይሄ እኮ አሁንም ይሠራል» አለን። ለእንግዳ የሚባል ነገር መስሎኝ ነበር። ማብሪያውን ተጫነው። ብረቱ ትንሽ አጉረመረመና ዞረ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ወዲያው ዓይኔ የሄደው ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ ነው። ስሪ ፌዝ፣ ብዙ ኃይል የሚሸከም ባለሦስት መስመር ኤሌክትሪክ! ለመብራት ሰው ከዚህ በላይ የምሥራች የለም። የቀበሌው አዳራሽ እኮ ሁለት መብራት ሲበራ ቆጣሪው ይወርዳል።

ከዚያ ወደ መሳፈሪያው ወጣን። አዳራሽ ስገባ አንድ ጊዜ አጨብጭቤ ድምፁን አዳምጣለሁ፤ የሙያ ልማድ ነው። እዚህ አጨበጨብኩ። ከላይ ጣሪያ አለ፣ ጎኑ ክፍት ነው፤ ድምፁ ሄደ፣ አልተመለሰም። አንዷ ልጅ መሳፈሪያው ዳር ካለው ሐዲድ ላይ የቆመ ክፍት ጠፍጣፋ ፉርጎ አይታ ሮጣ ወጣችበት። ከመሳፈሪያው ወለል ወደ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ቆማ ከተውኔቱ የራሷን ቃል ጮክ ሳትል ተናገረች። እኔ ከመሳፈሪያው ማዶ ጫፍ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ቤት ማየት አላስፈለገኝም።

አስጎብኚያችን ሳቀ። «ባቡር ቤት ቴአትር?» አለ። ብሔራዊ ቴአትርም መጀመሪያ ለቴአትር አልታሰበም አልኩት። ጣልያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት የሄደ ቤት ነው፤ በ1948 ዓ.ም ነው ተጠናቆ በቴአትር ቤትነት የተከፈተው።

የክሊቭላንዱን ታሪክም ለልጆቹ ነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ በዚያች ከተማ፣ አንድ አካባቢ ላይ በ1921 እና 1922 እ.ኤ.አ. አምስት ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ተሠሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አብዛኞቹ ተዘጉ። በ1972 ሁለቱን አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ለማድረግ ተወሰነ። ሬይ ሼፐርድሰን የሚባል ሰው ሰፈሩን አስተባብሮ ተሟገተ። ዋናው አዳራሽ ለትርዒት ስላልሆነ ከአንዱ ቴአትር ቤት መግቢያ ላይ፣ ሰው ትኬት ቆርጦ ከሚያልፍበት ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ሙዚቃዊ ትርዒት አቀረቡ። ሦስት ሳምንት ይታያል የተባለው ከሁለት ዓመት በላይ ታየ። ቤቶቹም ተረፉ፤ ዛሬ ሰፈሩ የሚታወቀው በእነሱ ነው። የፈረንጅን ታሪክ አምጥቶ ድሬ ላይ መለጠፍ አልወድም። እዚያ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አለ፣ ግብር የሚቀንስ ሕግ አለ። ይህቺን ብቻ ግን እወድላቸዋለሁ፦ አዳራሹ እስኪታደስ ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

ማታ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይተኛበታል። ያው ወንዝ በ1998 ዓ.ም ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬዎች ደመና ወደ ተራራው ሲሰበሰብ ዛሬም ቀና ብለው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ቀፊራ ገበያ በቅስት በተሠራ በሩ በኩል ስንገባ ከሱቁ ሁሉ ሙዚቃ ይወጣል። የአሊ ቢራን ድምፅ ለመለየት ጊዜ አልፈጀብኝም። አሊ የድሬ ልጅ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው አፍረን ቀሎ ከሚባለው ቡድን ጋር መዝፈን የጀመረው። እነዚያ ልጆች በዚያ ዘመን ይህ ነው የሚባል መድረክ አልነበራቸውም። ኦሮምኛ ይዘው ቴአትር ቤት የሚገቡበት ጊዜ አልነበረም። ሠርግ ላይ፣ በዓል ላይ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ነው የዘፈኑት። ኋላም መንግሥት በዓይነ ቁራኛ ያያቸው ጀመር፤ ቡድኑ ተበተነ። አሊ ግን ቀጠለ፤ በ2015 ዓ.ም ሲያርፍ የተቀበረው እዚሁ ድሬ ነው። ከተማዋ ትልቁን ድምፅዋን ያገኘችው ከሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ፉርጎ ላይ ቴአትር ማሳየት ለድሬ ያን ያህል እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ሐረር

ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲጀምር መስኮት የሚዘጋ ሰው ይበዛል። ላቡ ይደርቃል፣ ጆሮ ይደፈናል። የባቡሩ መሐንዲሶች ለምን እንደተዉት ይገባሃል። ሐረማያ ጋ፣ ደርቆ የነበረው ሐይቅ እንደገና ውሃ ይዟል። አወዳይ ላይ የጫት ጭነት መንገዱን ዘግቶ ትንሽ ቆምን። ማንም አልተናደደም።

በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል፣ ገባሁና መሀሏ ያለው አደባባይ ፈረስ መጋላ ወረድኩ። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ከተማው በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን አስጎብኚ ሁሉ ይነግርሃል፤ 82 መስጊድ መኖሩንም ይነግርሃል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በግንቡ ውስጥ ሰው ይኖራል። መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ልብስ ሰፊዎቹ የሲንጀር ስፌት መኪናቸውን መንገድ ላይ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ጨርቁን ከሱቅ ገዝተህ፣ እዚያው ለክተህ፣ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ልብሱ አልቋል። ቅርስ ነው ተብሎ አልተዘጋም።

ራምቦ ቤት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥሙን ከተወ በኋላ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል። ቤቱን ያሠራው ግን የህንድ ነጋዴ ነው። ራምቦ እዚህ ቤት አደረ የሚለውን ወሬ ለቱሪስት እንተውለት። ቤቱ ራሱ ይበቃል። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ባለቀለም መስታወት አላቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲገባ ወለሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ይወድቃል። ቆሜ ሳየው የሆነ ባልደረባዬ ጄል፣ የመብራት ቀለም ማጣሪያ፣ ቀይሮ የሠራው መስሎኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉ። አንዲት ተማሪ ፎቶዎቹን እየዞረች ማስታወሻ ትጽፋለች። በሩ ክፍት ነው። ዋናው እሱ ነው።

ከዚያ ራስ ተፈሪ ቤት። ይህም የህንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ በረንዳው እንጨት ነው። አሁን የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። አብዱላሂ አንድ ግለሰብ ናቸው። የሐረሪ ሙዚቃ ቅጂዎችን ከመሰብሰብ ተነሱ፤ ቀጥሎ ሳንቲም፣ ልብስ፣ ሰይፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት። የተበጣጠሰ መጽሐፍ እንደ ጥንቱ አሠራር ጠግኖ መጠረዝም ሙያቸው ሆነ። መጀመሪያ በራሳቸው ቤት ነበር የሚያሳዩት። ኋላ ይህ ቤት ተሰጣቸው። እኔ በዚህ አካሄድ እስማማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን መጀመሪያ ያድሱና ምን እናስገባበት ብለው በኋላ ይሰበሰባሉ። እዚህ ግን ሰውየውና ሥራው ቀድመው ነበሩ፤ ቤቱ ነው የመጣላቸው።

ማታ እራት ላይ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ወሬ ተነሳ። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ተውኔት የጻፉት ሰው ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚህ፣ ራስ መኮንን ቤት ነው። ከአድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው ተማሩ። ተመልሰው በአውሬዎች አስመስለው ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ተውኔት ጻፉ፤ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ታየ። ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፣ ታገደ። ልብ በሉ፣ ያኔም ቴአትር ቤት አልነበረም። ኋላ ጨርጨርን ገዝተዋል፣ መጨረሻቸውም ወደ ሒርና ነው። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሁሉ አገራቸውን አልፎበታል።

እሑድ፣ ሐረርና ድሬ

ጠዋት አንድ የሐረሪ ቤት፣ በቋንቋቸው «ጌይ ጋር» የሚሉት፣ ገባሁ። የቤቱ እመቤት ጫማዬን ከማውለቄ ቡና አስጣዱ። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። ሁሉም ቦታ ባለቤት አለው። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ከበሩ የሚገባውን ሰው ቀድሞ ያያል። እንግዳ፣ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሁሉም በየደረጃው። መደቡ ቀይ ነው፤ በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳውን ስፌትና ሳህን ሞልቶታል። የመድረክ ሰው ዓይን ይዘህ ስትገባ ሌላም ታያለህ። ከየትኛውም መደብ ሆነህ መሀሉ ይታያል፤ ማንም ማንንም አይጋርድም። የድሬው ሲኒማ ወለሉን በማዘቅዘቅ ያገኘውን እነዚህ በመደብ አግኝተውታል።

እመቤቲቱን ሸዋል ዒድ ጊዜ ከተማው እንዴት እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበረው በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። «እሱን ቀን ማን እቤት ያድራል ልጄ!» አሉኝ። «ከበሮው እየተመታ፣ ልጃገረዶቹ ለብሰው፣ ውጭ ነው የሚነጋው።» ልጃቸው ከውጭ አገር የሚመጣው ለዚያ ቀን ብሎ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያ ሳምንት በከተማው ክፍት አልጋ ማግኘት ዘበት ነው አሉ። ከተማ በጥበብ ይነቃቃል ሲባል የምሰማው ነገር፣ እዚህ አዳራሽ እንኳ ሳያስፈልገው ይደረጋል።

ከሰዓት ወደ ድሬ ወረድኩ። ሙቀቱ ደንገጎን ሳንጨርስ ተቀበለን።

ልጆቹን ምድር ባቡር አካባቢ አገኘኋቸው። አንዷ፣ ያቺው ፉርጎ ላይ የወጣችው፣ ደብዳቤውን ጽፋ ጨርሳለች። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ስላልታወቀ በግልባጭ ለሁሉም አድርጋዋለች። አንድ ገጽ ጥያቄ፣ ግማሽ ገጽ ግልባጭ። ሳቅኩ እንጂ ብልህነት ነው። ከጠየቁት ውስጥ ቤት አይገኝም። ሦስት ማታ፣ አንድ ጠፍጣፋ ፉርጎ፣ የመሳፈሪያው ጣሪያ ሥር ወንበር፣ ከወርክሾፑ አንድ የመብራት መስመር፣ ትኬት ደግሞ በአሮጌው ትኬት መሸጫ መስኮት። ትርዒቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲጀምር ተስማማን። ከዚያ በፊት ያለው ሙቀት ተዋናዩንም ቀለሙንም ያቀልጣል።

የተጨቃጨቅነው በዋጋው ነው። አንዱ ልጅ ነፃ ይሁን ይላል፤ ሰው እንዲለምድ። እኔ አልስማማም። ነፃ የገባ ሰው መሀል ላይ ስልክ አንስቶ ያወራል። የሻይ ዋጋ እንኳ ቢሆን ይክፈል። በመጨረሻ የሳምቡሳና የሻይ ዋጋ በሚሆን ላይ ቆምን። ከደጅ ሳምቡሳ የሚሸጡትን እናቶች ቀድመን እንድንነግራቸውም ተስማማን፤ መውጫውን ሰዓት ካወቁ ይመጣሉ።

መልስ እስኪመጣ ልምምዱ በአንዱ ልጅ ግቢ ይቀጥላል። የመብራቱን ዝርዝር በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ፦ ስድስት ፓር እና ሁለት ፕሮፋይል የሚባሉ መብራቶች፣ አንድ ዲመር (የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ)፣ 80 ሜትር ገመድ። መብራቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስጭናለሁ። ገመዱን ግን እዚያው ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ግዙት ብያለሁ፤ በደንብ ከተከራከራችሁ ከእኛ ሰፈር በጣም ይረክሳል።